የባቡሩ ልብስና የባቡሩ አካል፤ ስለ አሜሪካ ስትሪምላይን ባቡሮች አጠባበቅ የቀረበ ሒስ

ያለፈ ዘመን ሥራ ከጥፋት ተርፎ በቤተ መዘክር ሲቆም፣ ተመልካቹ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ማን እንደ ሠራውና ስንት ዓመት እንደ ሆነው ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ሌላ ጥያቄ ለማንሣት እንወዳለን፤ ይኸውም ከብዙዎቹ መካከል ይህኛው ለምን ተረፈ? ተጠበቀ ስንልስ የተጠበቀው ምኑ ነው? የሚል ነው። ለምርመራችን የመረጥነው በ1930ዎቹ በአሜሪካ የተነሡትን፣ «ስትሪምላይን» የተባሉትን የመንገደኛ ባቡሮች ነው። ቃሉ የነፋስ ግፊት እንዳይገታው ተብሎ የለሰለሰ ቅርጽ ማለት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

እነዚህ ባቡሮች የተወለዱት ከችግር ነው። ከ1929 የገንዘብ ውድቀት በኋላ እስከ 1933 ድረስ የአሜሪካ ምድር ባቡር የመንገደኛ ሥራ ወደ ግማሽ ያህል ወርዶ ነበር፤ የቀረውንም መንገደኛ አውቶሞቢልና አውቶቡስ ይሻሙት ነበር። በ1934 መጀመሪያ ላይ ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው ኩባንያ ኤም 10000 የተሰኘ፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ ባቡር ለሕዝብ አሳየ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በርሊንግተን የተባለው ኩባንያ ዜፊር የተሰኘውን ባለ ሦስት ፉርጎ ባቡር አስመረቀ። ይህን የሠራው በፊላደልፊያ የሚገኘው የኤድዋርድ በድ ፋብሪካ ነው። ዜፊር በግሪኮች ተረት የምዕራብ ነፋስ አምላክ ስም ነው።

ዜፊር ዝናን ያገኘው በአንድ ቀን ነው። ሜይ 26 ቀን 1934 ጎሕ ሲቀድ ከዴንቨር ተነሥቶ 1,633 ኪሎሜትር ያህል መንገድ በ13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ጨርሶ፣ በዚያው ዕለት ማታ ቺካጎ ገባ። ይህም የተለመደው ባቡር ከሚፈጅበት ጊዜ ግማሽ ያህሉ ነበር። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 125 ኪሎሜትር ያህል፣ ከፍተኛው ደግሞ 181 ኪሎሜትር ያህል እንደ ነበረ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል፣ ቺካጎ ግን 180 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው መንገዱ በጠቅላላው ወደ ታች የሚያዘነብል ነው። ከዚህም በላይ ባቡሩ የትም አልቆመም፤ መኪና መንገድ ሐዲዱን በሚያቋርጥበትም ስፍራ ጠባቂዎች ቆመውለት ነበር። ስለዚህ ያ ቀን የባቡሩን ችሎታ ያሳያል እንጂ የዘወትር አገልግሎቱን አያሳይም።

እንግዲህ የዜፊር እውነተኛ ብልጫ ከወዴት ነው? እንደ እኛ አስተያየት ከአፍንጫው መለስለስ ይልቅ ከአካሉ አሠራር ነው። ሰውነቱ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነበር። ይህ ብረት በተለመደው ብየዳ ሲጋል ዝገት የመቋቋም ኃይሉን ስለሚያጣ፣ የበድ መሐንዲሶች ብርቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ለቅጽበት ብቻ በመልቀቅ የሚበይዱበትን ዘዴ አወጡ። ጎረቤት ፉርጎዎች በመካከላቸው አንድ የመንኰራኵር ማቀፊያ ስለሚጋሩም ክብደቱ ቀነሰ። ጎታቹ 600 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር በመሆኑ እንደ እንፋሎት ባቡር ውሃ ለመቅዳት በየጣቢያው መቆም አላስፈለገውም። ቅርጹም ቢሆን ለአካሉ የተስማማ እንጂ ከላይ የተደረበ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ግን አካሉን ሳይሆን መልኩን መከተል በዛ። ብዙ ኩባንያዎች ነባሮቹን የእንፋሎት ጎታቾች ለስላሳ የብረት ሽፋን አለበሷቸው። ኒው ዮርክ ሴንትራል የተባለው ኩባንያ በ1938 ለታወቀው የኒው ዮርክና የቺካጎ ባቡሩ በሄንሪ ድሬይፈስ የተነደፈ ልብስ አደረገለት። ውበቱን አንክድም፤ መንገደኛ መሳቡም ለኩባንያው ትንሽ ጥቅም አልነበረም። ሆኖም ከሽፋኑ በታች ያለው ሐድሰን የተባለው የጎታች ዓይነት ነበር፤ ይኸው ዓይነት ሽፋን ሳይለብስም ይሠራ ነበር። ሽፋኑም መካኒኮች መመርመርና መጠገን የሚገባቸውን ክፍል ስለ ሸፈነባቸው በኋላ እየተገፈፈ ተጣለ። በአንጻሩ ሚልዋኪ ሮድ የተባለው ኩባንያ በ1935 ላቆመው ሃያዋታ ለተባለው ባቡር የተሠሩት የእንፋሎት ጎታቾች ከመሠረታቸው በሰዓት 160 ኪሎሜትር እንዲሮጡ የታሰቡ ስለ ነበሩ፣ ሽፋን የለበሰውን ሁሉ በአንድነት መኰነን ስሕተት ይሆናል።

ምርመራችንን ስንጀምር «እውነተኛው አካል ተረፈ፤ ባዶው ልብስ ጠፋ» ብለን ለመደምደም ቃጥቶን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። ኤም 10000 ከዜፊር ያላነሰ እውነተኛ አካል ነበረው፤ ግን አሉሚኒየሙ ለጦርነት ሥራ ስለ ተፈለገ በ1942 ተቆራርጦ ቀለጠ። ከመሠረታቸው ለፍጥነት የተሠሩት የሃያዋታ ጎታቾች አንድ እንኳ አልተረፈም። የኒው ዮርክ ሴንትራል ሐድሰኖችም፣ የለበሱትም ያልለበሱትም፣ ሁሉም አለቁ። ሬይመንድ ሎዊ ቅርጹን ያወጣለትና በ1939 በኒው ዮርክ የዓለም ኤክስፖዚሲዮን ሕዝብ የተደነቀበት የፔንሲልቬኒያ ኩባንያ ኤስ 1 ጎታች እንኳ ከ10 ዓመት በኋላ የቁርጥራጭ ብረት ክምር ሆነ። በሌላ በኩል የሳውዘርን ፓሲፊክ ኩባንያ 4449 ቁጥር ጎታች የተረፈው በ1958 በፖርትላንድ መናፈሻ ስለ ቆመ ነው፤ ከዚያ ወጥቶና ታድሶ በ1975 እና በ1976 የአገሩን የነጻነት ሁለት መቶኛ ዓመት በዓል ባቡር ጎተተ። እንግዲህ መትረፍ የብልጫ ምስክር አይደለም። የሚያተርፈው የብረቱ ጠባይ፣ የባለቤቱ ፈቃድና ዕድል ነው።

መትረፍ እንዲህ ያለ ዳኛ ከሆነ፣ ጠባቂው አስቦ መምረጥ ግዴታው ነው። የአጠባበቁም መንገድ አንድ አይደለም። ዜፊር በ1960 ከሥራ ሲያርፍ ለቺካጎ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ቤተ መዘክር ተሰጠ። ከ30 ዓመት በላይ በደጅ ከቆመ በኋላ በ1990ዎቹ ታድሶ ከጣራ በታች ገባ። በዚያው በኢሊኖይ ክፍለ አገር በዩኒየን ከተማ ያለው የምድር ባቡር ቤተ መዘክር ደግሞ በ1936 የተሠራውን ሌላ የዜፊር ባቡር በራሱ ሐዲድ ላይ እንዲሮጥ አድርጎ ይዞታል። በ2013 የተቋቋመ አንድ ማኅበርም ፈጽሞ የጠፋውን የፔንሲልቬኒያ ቲ 1 ጎታች በቀድሞው ንድፍ እንደገና ለመሥራት ተነሥቷል። የቆመው ባቡር የመጀመሪያውን አካል ያቆያል፤ እንቅስቃሴውን ግን ያጣል። የሚሮጠው እንቅስቃሴውን ያሳያል፤ ነገር ግን በሮጠ ቍጥር አካሉ ያልቃል። አዲሱ ጎታች ጥንታዊ ቅርስ ነው ለማለት አይቻልም፤ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን የሠሪውን ጥበብ ነውና። አንዱ የሌላውን ቦታ ሊወስድ አይችልም፤ ጥፋት የሚሆነው አንዱ ብቻውን ሙሉ ታሪክ ነኝ ሲል ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ጉድለት ግን ሌላ ነው። በረዥም መንገድ በሚሄዱት ባቡሮች አልጋ የሚያነጥፉት፣ ጫማ የሚጠርጉትና ሻንጣ የሚሸከሙት የፑልማን የመኝታ ፉርጎ አስተናጋጆች አብዛኛዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። መንገደኞች የየራሳቸውን ስም ትተው ሁሉንም «ጆርጅ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። በ1925 በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቁመው፣ ከ12 ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ከኩባንያው ጋር ውል ተፈራረሙ፤ የወር ሥራቸውም 240 ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። በደቡብ ክፍለ አገሮች ጥቁር መንገደኛ በተለየ ፉርጎ ይቀመጥ፣ በምግብ ፉርጎም ከመጋረጃ በስተጀርባ ይመገብ ነበር። ኤልመር ሄንደርሰን የተባለ ጥቁር መንገደኛ በ1942 በምግብ ፉርጎ ቦታ ተከልክሎ ክስ ስላቀረበ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1950 ይህን ልዩነት ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈረደ። የሚያብረቀርቀው ብረትና ይህ መጋረጃ የአንድ ዘመን ሥራ ናቸው።

ዛሬ ዜፊር በቺካጎ በአንድ ቤተ መዘክር ይታያል፤ የአስተናጋጆቹ ታሪክ ደግሞ በዚያችው ከተማ በ1995 በራንዶልፍ ስም በተቋቋመ ሌላ ቤተ መዘክር ይነገራል። ያ ባቡር የቀን ባቡር ስለ ነበረ የመኝታ አስተናጋጅ አልነበረበትም፤ ስለዚህ መለያየታቸውን የማንም በደል አናደርገውም። ነገር ግን ባቡሩን ብቻ አይቶ የሚመለስ ጎብኚ ዘመኑን አየሁ ቢል ልብሱን አይቶ ሰውየውን አወቅሁ እንደሚል ሰው ይሆናል።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። ነባሩን ጎታች በአዲስ ሽፋን ያለበሱት ሰዎች መልክን ከአካል ለይተው ነበር፤ ዛሬም መልኩን ብቻ የሚጠብቅ የእነርሱን ስሕተት ይደግማል። ባቡር ተጠበቀ የሚባለው ብረቱ፣ የብረቱ ሥራና በእርሱ ላይ የደከመው ሰው በአንድነት ሲታወሱ ነው። የምሕንድስና ተማሪ ስለ ብየዳው፣ የታሪክ ተማሪ ስለ መጋረጃው ብቻ ቢጽፍ ሁለቱም ግማሽ ባቡር ይዘው ይቀራሉ። በዚህ አሳብ የማይስማሙ መምህራንና ጓደኞች ቢኖሩ፣ በሚቀጥለው እትም መልሳቸውን ለማንበብ ዝግጁ ነን።