ብርቅ ጌምና ጥሩ ጌም

በጁላይ 2021 ዳላስ ከተማ ባለው ሄሪቴጅ የጨረታ ድርጅት አንድ «ሱፐር ማሪዮ 64» በ1 ሚሊዮን 560 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ከሁለት ቀን በፊት እዚያው ጨረታ ላይ አንድ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» በ870 ሺህ ዶላር ሄዶ ነበር። ዜናውን ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችሁት ይሆናል። «ብርቅ ጌም» የሚል ርዕስ ነበረው። እኔ እዚህ ቃል ላይ ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

«ሱፐር ማሪዮ 64» በ1996 ወጥቶ ከ11 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ጌም ነው። ያድ ሽኒያ ገበያ ላይ ትንሽ የፈለገ ሰው ያገኘዋል፤ በኒንቴንዶ ስዊችም ይጫወተዋል። ታዲያ ምኑ ነው ብርቅ? ላስቲኩ ነው። አንድ ሰው ገዝቶት ሳይከፍተው ኖረ፣ ሌላው ወስዶ ደረጃ ለሚሰጥ ድርጅት ሰጠው፣ ድርጅቱ 9.8 ብሎ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ቆለፈበት። ሚሊዮኑ የተከፈለው ለዚያ ቁጥር ነው። ስለ ማሪዮ አዘላለል፣ ስለ ካሜራው፣ ስለዚያ የሚያምር ግቢ የተከፈለ አንድ አጎራ የለም።

የዜልዳው ደግሞ ይብሳል። የዜልዳ ካርትሪጅ ውስጥ የደረሳችሁበትን የሚያስቀምጥ ትንሽ ባትሪ አለ። ባትሪ ላስቲኩ ቢከፈትም ባይከፈትም ያረጃል። ገዢው ባትሪው መሞቱን ማወቅ ቢፈልግ መክፈት አለበት፤ ከከፈተው ደግሞ 870 ሺህ ዶላሩ እዚያው ይተናል። ስለዚህ አይከፍተውም፣ አያውቅም።

ስለ ብርቅነት አንድ ትምህርት ስጥ ብባል ግን የምጀምረው በነዚህ አይደለም፤ በ«ስታዲየም ኢቨንትስ» ነው። ባንዳይ በ1987 ለኒንቴንዶው ኤን ኢ ኤስ ኮንሶል ያወጣው የአትሌቲክስ ጌም ነው። የሚጫወቱት በጣት ሳይሆን በእግር ነው፤ ወለል ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ አለው፣ በላዩ ይሮጡበታል። (አዎ፣ ስለ ሩጫ ነው። ቀልዱን ሁሉ ሰምቼ ጨርሻለሁ።) 100 ሜትር፣ 110 ሜትር መሰናክል፣ ርዝመት ዝላይ፣ ሱሉስ ዝላይ። ኒንቴንዶ ምንጣፉን ወደደውና መብቱን ገዛ። የባንዳዩ ጌም አሜሪካ ውስጥ ብዙም ሳይሸጥ ከገበያ ወጣ። በ1988 ያው ጌም ስሙ ተቀይሮ «ወርልድ ክላስ ትራክ ሚት» ተብሎ «ፓወር ፓድ» ከሚባለው የኒንቴንዶ ምንጣፍ ጋር ተመለሰ። እሱ ግን በብዛት ተሸጠ።

ልብ በሉ፣ ያው ጌም ነው። ያው ሩጫ፣ ያው ሜዳ፣ ከኤሊ እስከ አቦሸማኔ በየደረጃው የሚያሯሩጧችሁ ያው ተቀናቃኞች። አንዱ እንደታሸገ በፌብሩዋሪ 2010 በ41,300 ዶላር ተሸጠ። የሌላው ካርትሪጅ ዛሬም ከአንድ ሻዋርማ ዋጋ ብዙ አይርቅም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስሙና ወረቀቱ ነው። ሰብሳቢ ለዚህ ልዩነት መክፈሉ አያስገርመኝም፤ የቴምብር ሰብሳቢም በስህተት ለታተመ ቴምብር ይከፍላል። የሚያሳስበኝ ዋጋው ቀስ በቀስ ስለ ጌሙ ያለንን ግምት መቀየሩ ነው። የ«ምርጥ 10 ብርቅ ጌሞች» ቪዲዮ ያየ ልጅ «ስታዲየም ኢቨንትስ»ን ትልቅ ሥራ አድርጎ ያስባል። አይደለም። ለሩብ ሰዓት ያስቃል፣ ያልባል፣ ከዚያ ያልቃል። ትልቁ ደስታው እንዲያውም ማጭበርበሩ ነው፤ በርዝመት ዝላይ ጊዜ ከምንጣፉ ወርዶ ትንሽ ቆይቶ መመለስ። ጌሙ አየር ላይ ያላችሁ ይመስለዋል።

በ1990 በአሜሪካ ለተካሄደው የኒንቴንዶ ሻምፒዮና የተሠራው ካርትሪጅ ይሻላል። ግራጫው 90፣ ወርቃማው 26 ብቻ ነው። ይሄኛው ብርቅ የሆነው በማንም ሽያጭ ስህተት አይደለም፤ ለውድድር ስለተሠራ ነው። ከጨዋታ አሠራር አንጻርም የሚነገርለት ነገር አለው። 6 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ይሰጣችኋል፤ በማሪዮ 50 ሳንቲም መሰብሰብ፣ በ«ራድ ሬሰር» አንድ መንገድ መጨረስ፣ በቀረው ጊዜ ቴትሪስ። የቴትሪሱ ነጥብ በ25 ይባዛል። ስለዚህ ሁላችንም የምናውቀው ማሪዮ ድንገት ሌላ ይሆናል፤ ልዕልቷን የሚያስታውስ የለም፣ ሩጫው ሁሉ ወደ ቴትሪስ ለመድረስ ነው። ሦስት የቆዩ ጌሞችን ወስዶ በሰዓትና በማባዣ ብቻ አራተኛ ጌም መሥራት ብልህነት ነው።

አሁን ወደማከብረው ጌም ልምጣ። «ፓንዘር ድራጉን ሳጋ» በ1998 ለሴጋ ሳተርን የወጣ፣ አራት ዲስክ የሚሞላ ጌም ነው። የሠራው ቡድን ቲም አንድሮሜዳ ይባላል፤ ዳይሬክተሩ ዩኪዮ ፉታትሱጊ ነው። ሲወጣ ሳተርን በሞት አፋፍ ላይ ነበር፤ ሴጋ ፊቱን ወደ ድሪምካስት አዙሯል፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ የታተመው ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ እንደገና አልወጣም። ሶርስ ኮዱም መጥፋቱ ተነግሯል። ዛሬ ሙሉውን ከእነሳጥኑ የሚፈልግ ሰው ብዙ መቶ ዶላር ያዘጋጅ። ማለትም እንደ «ስታዲየም ኢቨንትስ» እሱም ብርቅ ነው። ይሄ ግን ርካሽ መንትያ የለውም።

ታሪኩ ኤጅ ስለሚባል ቅጥረኛ ወጣት ነው። የሚጠብቀው ፍርስራሽ ይወረራል፣ ጓዶቹ ይገደላሉ፣ እሱ ድራጎን ያገኛል። ይሄን ያህል ከሰማችሁ ይበቃል፤ ዋናው ውጊያው ነው። መልኩ በተራ የሚካሄድ ይመስላል፣ ግን ሰዓት አይቆምም። ሦስት መለኪያ ቀስ እያለ ይሞላል። እስኪሞላ ድረስ ድራጎኑን በጠላት ዙሪያ ታዞሩታላችሁ፤ ፊት፣ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ። ደካማው ጎን አደገኛው ጎን ሊሆን ይችላል። አንዱ መለኪያ ሲሞላ ትመታላችሁ ወይስ ሦስቱን ትጠብቃላችሁ? ከጠብቃችሁ ትመታላችሁ፣ ማለቴ እናንተ ናችሁ የምትመቱት። ሳይታወቃችሁ እንደ አዳኝ ማሰብ ትጀምራላችሁ። ከዚያ በኋላ የወጡ ብዙ ታላላቅ ጌሞች ተጫውቻለሁ፤ ቦታ መያዝን እንዲህ ቀላልና ጥብቅ አድርጎ የሠራ ብዙ አላየሁም።

እንከን የለውም አልልም። ቀላል ነው፣ በ20 ሰዓት ገደማ ያልቃል፣ በእግር የሚኬድባቸው ከተሞች ይጎተታሉ፣ ምስሉም ዛሬ ሲታይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ድምፁ ግን አላረጀም። ገጸ ባሕርያቱ ጃፓንኛ ይናገራሉ፣ እንግሊዝኛው ከስር ይጻፋል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ለዚህ ዓለም ብቻ በተፈጠረ ቋንቋ ይነገራል። አያቶቻችን ሲያወሩ ግማሹን በጆሯችን ግማሹን ከፊታቸው ለምንረዳ ልጆች ይሄ ስሜት እንግዳ አይደለም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ቶሎ የገባኝ።

መጨረሻውን ልናገር ነው፤ ማወቅ የማትፈልጉ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። በጌሙ ውስጥ ሰዎች ይመጣል ብለው የሚጠብቁት አንድ መለኮታዊ እንግዳ አለ። ኤጅ ነው ብለን እናስባለን። አይደለም። እንግዳው ተጫዋቹ ነው፤ እጀታውን የያዘው ሰው። ጌሙ በቀጥታ ያናግራችኋል፣ ቁልፉን እንድትጫኑ ይጠይቃችኋል፣ እስክትጫኑ ድረስ ታሪኩ አይዘጋም። እንግዲህ ይህን ጌም በላስቲክ እንደታሸገ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ሰው ምን እንዳለው አስቡት። መጨረሻ የሌለው ነገር ነው ያለው።

እኔ የተጫወትኩት ተውሼ ነው። አንድ ሰብሳቢ አራቱን ዲስክ ከነሳተርኑ ለሁለት ሳምንት ሰጠኝ። የኮንሶሉ ባትሪ ስለሞተ የደረስኩበት በጠፋ ቁጥር እንዳላለቅስ አዲስ ባትሪ ገዝቶ ጨመረልኝ። ይህን የምለው ሰብሳቢዎችን ሁሉ በአንድ ላይ መኮነን ትክክል ስላልሆነ ነው። ከአንዳንዶቹ ቤት ባይኖር ኖሮ የት እናገኘው ነበር? አምራቾቹ ራሳቸው አላስቀመጡትም። የአሜሪካው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ አይገኙም። ቤተ መጻሕፍት ያላቸውን የቆየ ጌም ለተመራማሪ በርቀት እንዲያሳዩ ፈቃድ ቢጠየቅም፣ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በኦክቶበር 2024 አልፈቀደም። ይህ ማለት እዚህ እስራኤል ሆኖ ስለ «ሳጋ» ሴሚናር ወረቀት መጻፍ የሚፈልግ ተማሪ አውሮፕላን ይሳፈር፣ ወይም ሀብታም ይሁን፣ ወይም እንደ እኔ የሚያውሰው ሰው ይፈልግ። ሕገወጥ ቅጂ የሚያወርዱም አሉ፤ በሩን የዘጋባቸው ማን እንደሆነ ግን እናውቃለን። መብቱን የያዘው ክፍል ጌሙን አይሸጥም፣ ሌላው እንዲያሳይም አይተውም። የጨረታው ሰው ደግሞ ለዚህ ዝምታ ዋጋ ያወጣለታል።

ስለ ማሪዮ ሚሊዮን የምንሰማውን ግማሽ ያህል ስለዚህ ቢወራ ደስ ይለኝ ነበር። ለማንኛውም፣ በትንሽ ገንዘብ መጀመር የምትፈልጉ «ወርልድ ክላስ ትራክ ሚት»ን ከነምንጣፉ ፈልጉ። ምድር ቤት የምትኖሩ ከሆነ ጥሩ፤ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ የታች ጎረቤታችሁን አስፈቅዱ።