ስለ ሰላማንድራና ስለ እቶነ እሳት የተጻፈ ሐተታ

ከጽርዕ ወደ ግእዝ የተመለሰው፥ ፍሪትስ ሆመልም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ዓመት በላይፕሲግ ያሳተመው ፊሳልጎስ፥ ስለ ሰላማንድራ ሲናገር ከእሳት ምድጃ ብትገባ እሳቱን ታጠፋለች ይላል። ይህንንም ለሠለስቱ ደቂቅ ምሳሌ አድርጎ ይሰጣል፤ እንስሳ በባሕርይዋ ካጠፋች ጻድቃንማ እንደምን አያጠፉ ሲል ነው። ነገሩ ለጆሮ ያምራል፤ ሲመረምሩት ግን በሁለት ወገን ይሰነካከላል።

፩ኛ፤ ከነገረ ፍጥረት ወገን። የሰላማንድራ ቆዳዋ እርጥብ ነው፤ በበሰበሰ ግንድ ውስጥ ትሸሸጋለች። ግንዱ ከእሳት ሲጣል ሙቀቱ ያስወጣታል፤ ያየም ሰው እሳት አይነካትም አለ። አሪስጣጣሊስ ወሬውን ጻፈው፤ ሮማዊው ፕሊንዮስ ግን እውነት ቢሆን በሮም በተፈተነ ነበር ብሎ ተጠራጠረ። ሰላማንድራ በኢትዮጵያ አትገኝም። ስለዚህ በአፍደም ቆላ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ፥ በጋለ ድንጋይ ላይ የምትተኛውን እንሽላሊት ያስባል። ሕፃን እንሽላሊቷን ከእሳት ቢጥላት ትሞታለች። ያን ጊዜ የእንስሳዋ ነገር ሐሰት ከሆነ የሠለስቱ ደቂቅስ? ቢል፥ ዕዳው በማን ይወድቃል ቢሉ፥ በመምህሩ ነው።

፪ኛ፤ ከመጽሐፍ ወገን። በትንቢተ ዳንኤል እሳቱ 7 እጥፍ ነደደ እንጂ አልጠፋም። ወደ እቶን የጣሏቸውን ሰዎች ገደለ፤ ነበልባሉም 49 ክንድ ከፍ አለ። መልአኩ ግን የእቶኑን መካከል ጠል እንዳለው ነፋስ አደረገው። እሳቱ እሳትነቱን ሳይለቅ አለማቃጠሉ፥ ተአምሩ ይህ ነው። ጠፍቶ ቢሆን ምን ይደንቃል? አንድም፥ አናንያ አዛርያ ሚሳኤል በባሕርያቸው የማይቃጠሉ ቢሆኑ እምነታቸው ምን ዋጋ ነበረው? አምላካቸው ባያድናቸው እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ለናቡከደነፆር የመለሱት፥ ሥጋቸው እንደሚቃጠል አውቀው ነው።

አባቶች ምሳሌውን ተቀብለውት የለምን? ቢሉ፥ አውግስጢኖስ ሰላማንድራን ጠቅሷል፤ ነገር ግን ጸሐፍት እንዳሉት ከሆነ ብሎ በቅድመ ሁኔታ ነው እንጂ አስረግጦ አይደለም። እንግዲህ የፊሳልጎስ ቃል እንደ ምሳሌ ይነበብ፤ እንደ ምስክር አይጠራ።

ልዑል ራስ መኮንን ባሳነጹት በቁልቢ ገብርኤል፥ በታኅሣሥ 19 ቀን ምእመናን ይሰበሰባሉ። ከእነርሱም በቀድሞው ባቡር በአፍደም በኩል አልፈው የመጡ ብዙዎች ነበሩ። የሚያከብሩት እሳት የማይበላውን ፍጥረት አይደለም፤ እሳት የሚበላውን ሰው በእሳት ውስጥ የጠበቀውን አምላክ ነው እንጂ።