ቀዳዳውን ማን ያርመው?

በኤሌክትሮኒክስ የተግባር ትምህርት መመሪያዎች ላይ አንድ ብርቱ ቅሬታ አለን። ጸሐፊዎቻቸው ስለ ዲያግራሙ፥ ስለ ሬዚስተሩ ቀለማትና ስለ ብየዳው ገጽ በገጽ ካስረዱ በኋላ የአሉሚኒየሙ ሣጥን ዘንድ ሲደርሱ በስቶ መግጠም ነው ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። ማርክ ሰጪውም እንደዚሁ ቮልቱን ለክቶ ይሄዳል። የተበላሸ ቀዳዳ በቀለም ተሸፍኖ ሲቀርብ እንዲያውም «ቆንጆ ሥራ» ይባላል።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልነቀፍን። ነገር ግን ተማሪዎች ደጋግመው የሚሠሩትን፥ 220 ቮልቱን ወደ 12 የሚያወርደውን ፓወር ሰፕላይ እንመልከት። በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚገባው 2ኤን3055 የተባለው ትራንዚስተር የብረት ልባሱ ራሱ ኮሌክተሩ ነው። ከሣጥኑ የሚለየውም ስስ ሚካ ነው። በቀዳዳው ዳር አንዲት የአሉሚኒየም ጥርስ ከቀረች ብሎኑ ሲጠብቅ ሚካውን ትበሳዋለች፤ ኮሌክተሩም ከሣጥኑ ጋር ይገናኛል። ተማሪው ግን ጥፋቱን ከዲያግራሙ ላይ ሲፈልግ ይውላል። የገመዱ መግቢያ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ያልተሞረደና የጎማ ቀለበት ያልገባበት ቀዳዳ የሽቦውን ፕላስቲክ ቀስ በቀስ ይልጠዋል፤ 220 ቮልቱም ወደ ሣጥኑ ይዘልቃል። በጅቡቲ ከተማ በሚሠራበት የፈረንሳይ ዓይነት ሶኬት የመሬት መስመሩ የሚገኘው ከሶኬቱ በወጣች አንዲት ዘንግ ነው። ባለ ሁለት እግሩ ቀጭን መሰኪያ ይህችን ዘንግ ስለማይነካት ሣጥኑን የነካ ልጅ ራሱ የመሬት መስመር ይሆናል።

ቀዳዳው የሚበላሽበት ምክንያት ሳይነገር ተማሪውን መውቀስ ተገቢ አይመስለንም። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። ሲሞቅ በፑንታው ስለት ላይ ይለጠፍና ፑንታው መቁረጡን ትቶ ይገፋል። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ሁለት ጠብታ ነጭ ጋዝ ነው። ዋናው ችግር ግን የቆርቆሮው ስስነት ነው። ተራ ፑንታ ጫፉ በ118 ዲግሪ የተሳለ ስለሆነ፥ በ10 ሚሊሜትር ፑንታ ላይ ሾጣጣው ብቻ 3 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። የሣጥኑ ግድግዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ ጫፉ በወዲያ በኩል ብቅ ሲል የፑንታው ዳር ገና ብረቱን አልነካም። መሐሉን የሚይዝለት ስለሌለ ይንቀጠቀጣል፤ ክብ መሆን የነበረበትም ቀዳዳ ሦስት ማዕዘን መሰል ሆኖ ይወጣል። አንዳንዴም ፑንታው ቆርቆሮውን ነክሶ ያሽከረክረዋል፤ ሣጥኑን በእጁ የያዘውን ተማሪ ጣት የሚቆርጠው ይህ ነው። ጓንት ማጥለቅም አያድንም፥ ፑንታው ጓንቱን ከነጣቱ ይጠመጥመዋልና።

ስለዚህ ከቆርቆሮው ሥር ጣውላ ይደረግ፤ ሁለቱም በሞርሳ ይታሰሩ። ቦታው በሹል ብረት ተመትቶ ነጥብ ከተበጀለት በኋላ በ3 ሚሊሜትር ይጀመር፤ ከዚያ በየደረጃው ይስፋ። ከ6 ሚሊሜትር በላይ ለሆነው በክብ ሞረድ ማስፋት፥ ወይም እንደ ደረጃ እየሰፋ የሚሄደውን ሾጣጣ ፑንታ መጠቀም ይሻላል። በመጨረሻም ሰፋ ያለ ፑንታ በእጅ ይዞ በቀዳዳው አፍ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ማዞር ጥርሱን ያነሣዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቃላቱም አንድ ነገር እንበል። ትራፓኖ፥ ፑንታና ሞርሳ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ግን «ለገሃር»ን የመሰለ የፈረንሳይኛ ቃል ነው ያመጣልን። በጅቡቲ የመሣሪያ መደብር ትራፓኖ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ባዶ እጁን እንዳይመለስ፥ መሰርሰሪያው «ፔርሴዝ»፥ ፑንታውም «ፎሬ» እንደሚባል አስቀድሞ ይነገረው።

መመሪያዎቹ ለቀዝቃዛ አገር የተጻፉ መሆናቸውም ያስታውቃል። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት፥ አየሩም ጨው ባዘለባት ከተማ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችን በክዳኑ ላይ መደርደር ጨውና አቧራን መጋበዝ ነው። ከታችና ከጎን ቢበሱ ይመረጣል። ተራ የብረት ብሎን በጨዋማ እርጥበት ውስጥ ከአሉሚኒየም ጋር ሲነካካ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ በቀዳዳው ዙሪያ የሚታየው ነጭ ዱቄት ከዚህ የመጣ ነው። የመሬት መስመሩ በሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ይታይ፤ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ገብቶ ከጠበቀ በኋላ በግሪስ ይሸፈን።

ጊዜ የለም የሚሉ መምህራን አሉ። ሆኖም ለማረም የሚያስፈልገው ቁራጭ ጥጥና አንድ ኦም ሜትር ነው። ጥጡ በቀዳዳው ዙሪያ ይሳብ፤ ክር ካስቀረ ጥርስ አለ ማለት ነውና ማርክ ይቀነስ። ኦም ሜትሩ፥ መሰኪያው ገና ሳይሰካ፥ በትራንዚስተሩ ልባስና በሣጥኑ መካከል ይደረግ። ዜሮ ካሳየ ሣጥኑ ለተማሪው ይመለስ።