«መስመር» እና «ያልታተመ»፦ ስለ ግጥም መላኪያ መመሪያዎች አማርኛ

ባለፈው ክረምት በአዲስ አበባ መስቀል ፍላወር ሠፈር በሚገኝ አንድ ካፌ ከአንዲት ወጣት ገጣሚ ጋር ተቀምጠን፣ በኢንተርኔት የሚወጣ አንድ የግጥም መጽሔት የላከላትን መልስ አነበብን። ግጥሟ «ከተወሰነው የመስመር ብዛት በማለፉ» እና «ቀደም ሲል የታተመ በመሆኑ» ውድቅ ሆኗል ይላል። ገጣሚዋ በበኩሏ ግጥሙ 24 ስንኝ ብቻ እንደ ሆነና ማተሚያ ቤት ደጃፍ እንኳ እንዳልደረሰ አስረዳችን። የሁለቱን ቃል ስንመረምር የዋሸ አላገኘንም። ጥፋቱ የመመሪያው አማርኛ ነው።

መመሪያው ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ለመሆኑ አሰካኩ ይመሰክራል። «ከ40 መስመር ያልበለጠ» የሚለው ሐረግ በእንግሊዝኛው ግልጽ ነው፤ በዚያ ቋንቋ የግጥም መለኪያውና በገጽ ላይ የሚታየው ረድፍ በአንድ ቃል ይጠራሉና። በአማርኛ ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። በየወል ቤት የተገጠመ ስንኝ ባለስድስት ቀለም ሁለት ሐረጎች፣ በድምሩ 12 ቀለማት አሉት። ለምሳሌ ያህል እኛው ያሰናዳነውን እንመልከት፦

ደብዳቤው ቢዘገይ / ናፍቆቱ ደረሰ፣
የጻፍኩት በጠዋት / በማታ ታደሰ።

ይህ ሁለት ስንኝ ነው። ሐረጎቹን በየረድፉ ብናወርዳቸው ግን አራት መስመር ይሆናል፤ ቤት የሚመታውም በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ብቻ ነው። የገጣሚዋ 24 ስንኝ በዚህ አጻጻፍ 48 መስመር ሆኖ ከገደቡ አለፈ። ሐረጎቹን በአንድ ረድፍ ጽፋ በሰፊ ባዶ ቦታ ለይታቸው ቢሆን ኖሮም ችግሩ አይቀርም ነበር፤ ድረ ገጽ ተከታታይ ባዶ ቦታዎችን በተለመደው አሠራሩ ወደ አንድ ስለሚያጠብ ዕረፍቱ ይጠፋል፤ ጠባብ የስልክ መስኮት ደግሞ ስንኙን ገጣሚው ባላሰበው ቦታ ይሰብረዋል። የአማርኛ ግጥም አሰነኛኘት አዲስ ጥናት የሚሻ ምስጢር አይደለም፤ መንግሥቱ ለማ በ1963 እ.ኤ.አ. በጆርናል ኦቭ ኢትዮጵያን ስተዲስ አቅርበውታል። ስለዚህ በመመሪያው ውስጥ «ስንኝ» መባል ነበረበት፤ በሁለት ረድፍ የተጻፈ ስንኝ እንደ አንድ እንደሚቆጠርም መገለጽ ነበረበት። የቅኔ መምህራን ጉባኤ ቃናን ሁለት ቤት፣ መወድስን ስምንት ቤት ብለው የሚቈጥሩበት «ቤት» ለዚህ አይመችም፤ በግጥም ረገድ የስንኝ መድረሻውን ምት ያመለክታልና ያደናግራል። በልኬት ለማይገዛ ግጥም ግን «መስመር» ትክክለኛ ቃል መሆኑን አንክድም።

ጉዳዩ ተርጓሚንም ይነካል። በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የታተመው፣ አለሙ ተበጀና ክሪስ ቤኬት የተረጎሙት የአማርኛ ግጥሞች መድበል እንደሚያሳየው ግጥማችን ድንበር መሻገር ጀምሯል። ተርጓሚው ከስንኝ ወይስ ከሐረግ እንደሚነሣ ካልወሰነ የእንግሊዝኛውን ረድፍ ርዝመት በምን ይወስናል?

ሁለተኛው ቃል ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። ማተም ከግእዙ «ኀተመ» የመጣ ነው፤ ማኅተም የምንለውም ከዚያው ነው። በዘመናዊ አማርኛ ቃሉ ከማተሚያ ቤት፣ ከቀለምና ከወረቀት ጋር ተጣብቋል። ገጣሚዋ ግጥሟን በቴሌግራም ለጥፋ ነበር። እርሷ «አልታተመም» ስትል በአማርኛ እውነት ተናገረች፤ አዘጋጁ «ታትሟል» ሲል በእንግሊዝኛ አስቦ እውነት ተናገረ። በእንግሊዝኛው ሥር ያለው ሐሳብ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ነውና። አንዳንዶች «ለሕዝብ ያልቀረበ» ብንል ይሻላል ይላሉ። አንስማማም፤ ምክንያቱም በግጥም በጃዝ ምሽት በቃል የተነበበውን ሁሉ ያስቀራል። እኛ የምናቀርበው «በጽሑፍ ለንባብ ያልበቃ» የሚል ነው፤ ቴሌግራምና ፌስቡክ ይቈጠሩ እንደ ሆነም በስም ይጠቀሱ። ቃሉ ረዘመ የሚል ይኖራል፤ ይርዘም።

«ግጥም ማስገባት» የሚለውን በአጭሩ እንለፈው፤ ማመልከቻ ይገባል፣ ግጥም ይላካል። «ውድቅ» ግን ዝም ብለን የማናልፈው ነው። የፍርድ ቤትና የጨረታ ቃል ነው፤ ገጣሚን ሰነድ እንዳጓደለ ተጫራች ያደርጋታል። «ለዚህ ዕትም አልተመረጠም» ቢባል ምን ጐደለ?

ይህን ስንል የባዕድ ቃል ጠላቶች ነን ተብሎ እንዳይታሰብ። የተቀመጥንበት ሠፈር ራሱ የመስቀልን አበባ በግማሽ እንግሊዝኛ ይጠራል፤ የታክሲ ረዳቱም ተሳፋሪውም ያለ ስሕተት ይግባቡበታል፤ ማንም ወደ አደይ አበባ ይመለስ ብሎ አይከራከርም። እኛም አንከራከርም። «መስመር» እና «ያልታተመ» የሚያስቸግሩት ግን ንጹሕ አማርኛ ሆነው ሳለ የሌላ ቋንቋ ፍች ተሸክመው ስለ መጡ ነው፤ አንባቢው ባዕድነታቸውን አይጠረጥርም።

ገጣሚዋ ሐረጎቹን በአንድ ረድፍ አጋጥማ በ24 መስመር መልሳ ልካለች። የቴሌግራሙን ግን ሰርዛው እንደ ሆነ ስንጠይቃት፣ ከሥሩ አንባቢዎች የጻፉላት አስተያየት አብሮ እንዳይጠፋባት መፍራቷን ነገረችን።