ያለ ቃል የተነገረ፤ የዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት»

በኢትዮጵያ የዘፈን ልማድ ዜማ የግጥም አጃቢ ሆኖ ኖሯል። አድማጭ አዲስ ዘፈን በሬዲዮ ሲሰማ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ምን አለ?» ብሎ ነው። የዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት» ይህን ጥያቄ የሚያስረሳ ሥራ ነው።

የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው ይህ ዜማ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» በተሰኘው የባንዱ ሸክላ ወጣ። በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ባንድ ኃይሉ መርጊያን በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴን በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላን በትራምፔት ያሰለፈ ነበር። ድራሙና ቤዝ ጊታሩ የአሜሪካን የፋንክ ምት ሳያሰልሱ ይረግጣሉ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ግን የሚናገሩት በአገሩ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው። ሐረጉን በአንድነት ወርውረው ያርፋሉ፤ መልሰው ያነሡታል። የዘፋኙን ቦታ የያዙት እነርሱ ናቸው። የውጭው ምት የአገሩን ዜማ ሳይውጥ ተሸክሞታል፤ የድርሰቱ ብቃትም እዚህ ላይ ነው።

ይህ አጨዋወት ያለ መሠረት የበቀለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች፣ በኋላም የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ያዳበሩት የትንፋሽ ሙዚቃ ከሰልፍ ሜዳ ወደ ሆቴል መድረክ ተሸጋግሮ የደረሰበት ደረጃ ነው።

ቃል አልባነቱ አድማሱን አስፍቶታል። ከአምቦ በጉደርና በጌዶ አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚያመራው መንገድ በምትገኘው በእጃጂ፣ አፍ መፍቻው ኦሮምኛ ለሆነ አድማጭ የአማርኛ ግጥም ሊርቀው ይችላል፤ ይህን ዜማ ለመረዳት ግን አስተርጓሚ አያሻውም። ውቅያኖስ ማዶም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የኒው ዮርኩ ዳክታሪስ ባንድ ተጫውቶታል።

ይሁንና ፈለጉን የተከተሉት ጥቂቶች ናቸው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከባልደረቦቹ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ። በተከታዮቹ ዓመታትም ኪቦርድ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ቦታ እየወሰደ መጣ። አንድ ሰው በአንድ ጣት የትራምፔትን ድምፅ ማውጣት ሲችል ሦስትና አራት ነፋሾችን ማሠልጠንና መክፈል ብክነት መሰለ። የጠፋው የመሣሪያ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ነፋሾች እርስ በርስ እየተደማመጡ በአንድ ትንፋሽ ሐረግ የሚጨርሱበት ሥነ ሥርዓት ጭምር ነው።

በእጃጂም ሆነ በአምቦ የሙዚቃ ክበብ የሚያቋቁም መምህር «ሙዚቃዊ ስልት»ን ለተማሪዎቹ ቢያሰማ የሚያስተምረው ትዝታን አይደለም። አንድ ላይ መተንፈስን ነው፤ ይህንንም ኪቦርድ አያስተምርም።