ክሬዎንን ማን ይጫወት? «ደሴቱ» እንደ ቡድን ጥናት

«ደሴቱ» በተነሣ ቁጥር የሚወራው ስለ አፓርታይድ ነው። አቶል ፉጋርድ፣ ጆን ካኒና ዊንስተን ንትሾና በጋራ የፈጠሩት ይህ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1973 ኬፕታውን ላይ ለመድረክ ሲበቃ፣ ስለ ወህኒ ቤት ኑሮ መናገር በሕግ ያስጠይቅ ስለነበር የወጣው በሌላ ርዕስ ተሸፍኖ ነበር። በ1975 ሁለቱ ተዋንያን፣ ካኒና ንትሾና፣ ኒውዮርክ ላይ የቶኒን ሽልማት ተጋሩ። ውዳሴው ይገባቸዋል፤ ነገር ግን ተውኔቱን የተቃውሞ ሰነድ ብቻ አድርጎት ቀርቷል። ሁለት ሰዎች አንድን ጥንታዊ ትራጀዲ በእጃቸው እየሠሩ፣ እየተጣሉበትም እንዴት እንደሚያጠኑት ከ«ደሴቱ» አብልጦ የሚያሳይ ሥራ አላውቅም። ይህ ጎኑ ግን የሚገባውን ትኩረት አላገኘም።

መነሻው የታወቀ ነው። በፖርት ኤልዛቤት ኒው ብራይተን የነበረው ሰርፐንት ፕሌየርስ የተባለ የቲያትር ቡድን በ1960ዎቹ የሶፎክልስን «አንቲጎኔ»፣ የንጉሥ ክሬዎንን ትእዛዝ ጥሳ ወንድሟን የቀበረችውን ሴት ትራጀዲ፣ ሲለማመድ ከአባላቱ ወደ ሮበን ደሴት ወህኒ ቤት የተጋዘ ነበር፤ ተውኔቱም አጥሮ ጠቦ በእስረኞች ዘንድ ታየ። «ደሴቱ» ውስጥ ጆንና ዊንስተን የተባሉ ሁለት የአንድ ክፍል እስረኞች ለወህኒ ቤቱ ትርኢት ይህንኑ ያዘጋጃሉ።

መታየት ያለበት ዝግጅቱ ነው። ጆን የተውኔቱን አካሄድ በጠመኔ የክፍሉ ወለል ላይ ይጽፋል፦ ክስ፣ የእምነት ክህደት ቃል፣ የቅጣት ማቅለያ፣ ፍርድ። ከዛገ ምስማርና ከሲባጎ ለአንቲጎኔ የአንገት ጌጥ ይሠራል። ከዚያ ዊንስተንን ያስጠናዋል፤ ዊንስተን ግን አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይሰናከላል። አንቲጎኔ ቃሏን ስትጠየቅ «ጥፋተኛ አይደለሁም» ትላለች ባይ ነው። ጆን ይቆጣል፤ «ጥፋተኛ ነኝ» ነው የምትለው።

ይህን ስሕተት እንደ ቀልድ ማለፍ ይቀላል። ለእኔ የተውኔቱ እምብርት ነው። ሶፎክልስ ዘንድ አንቲጎኔ ወንድሟን መቅበሯን አትክድም፤ ጽሑፉን በትክክል የያዘው ጆን ነው። ዊንስተን ደግሞ የተሸከመው ጥያቄ አለው፦ ወንድምን መቅበር ወንጀል ካልሆነ ስለ ምን ጥፋተኛ ነኝ ትበል? በእኛ ችሎት «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፤ ጥፋተኛ ግን አይደለሁም» የሚል ተከሳሽ የሰማ ሰው የዊንስተን ጭንቀት ወዲያው ይገባዋል። ስንፍና የሚመስለው ስሕተት ከባድ ንባብ ነው። ሊቃውንት ስለ አንቲጎኔ ብዙ የተከራከሩበት ጉዳይ፣ ሕግን መጣስና ጥፋት አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለው፣ እዚህ በጠመኔ ጽሑፍና በሁለት የደከሙ ሰዎች ንትርክ መካከል ይነሣል።

ቀጥሎ የአልባሳቱ ጉዳይ ይመጣል። ዊንስተን የሴት ፀጉርና ጡት አድርጎ ሲቆም ጆን በሳቅ ይፈርሳል፤ ዊንስተንም አውልቆ ይጥለዋል፣ አልጫወትም ይላል። ጆን ያንኑ ፀጉር ራሱ ላይ ያደርግና ያስረዳዋል፦ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ኋላ ግን ከጭንብሉ በስተጀርባ ያለውን ሰው ይሰሙታል። አልባሱ ያምር ዘንድ አልተሠራም። ተዋናዩ የሚያፍርበትና ኀፍረቱን አልፎ ወደ አንቲጎኔ የሚደርስበት ነገር ነው።

በትምህርት ቤት የምናውቀው የቡድን ሥራ ከዚህ በጣም ይርቃል። ትራጀዲ ይሰጣል፤ ተማሪዎች በቡድን ይደለደላሉ፤ ስዕል የሚችለው ካርቶን ላይ ይስላል፣ አንደበተ ርቱዑ ያቀርባል፣ የተቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ። ካርቶኑ ያሸበርቃል፤ ማርኩም ለካርቶኑ ይሰጣል። ክፍሉ ውስጥ «አይ፣ ጥፋተኛ አይደለችም» ብሎ ሥራውን የሚያስቆም ዊንስተን የለም። ቢኖርም ቡድኑን እንዳዘገየ ተቆጥሮ ይነቀፋል። ሥራ መከፋፈልን ትብብር ብለነዋል፤ ጸጥታውንም እንደ ስምምነት ወስደነዋል።

«ደሴቱ»ም ራሱ ካስተማረው ትምህርት የሚያፈነግጥበት ቦታ አለ። ጭብጨባው የሚደምቅለት የመጨረሻው ትዕይንት፣ የአንቲጎኔ ችሎት፣ ከተውኔቱ ሁሉ ደካማው ነው። የአንቲጎኔ እህት እስመኔ የለችም፣ የክሬዎን ልጅ ኤሞን የለም፣ ኮረሱ የለም። ጆን የሚጫወተው ክሬዎን የሕዝብ አገልጋይ ነኝ የሚል ተሳላቂ ሹም ሆኖ ቀርቷል። ሶፎክልስ ግን ክሬዎንን ልጁንም ሚስቱንም አሳጥቶ፣ ዘግይቶ እንዲገባው አድርጎ ነው የሚተወው። ያን ስናነሳ የሚቀረን ክስ እንጂ ትራጀዲ አይደለም። ልምምዱ ጥያቄ ሲከፍት ትርኢቱ ቸኩሎ ይዘጋዋል።

በዚህ ረገድ እውነተኞቹ እስረኞች ከደራሲዎቹ ቀድመው ሄደዋል። በዚያው ደሴት የእስረኞች የድራማ ቡድን «አንቲጎኔ»ን ሲያቀርብ ክሬዎንን የተጫወተው ኔልሰን ማንዴላ ነበር። በግለ ታሪኩ ክሬዎን መጀመሪያ አስተዋይና አገር ወዳድ እንደሆነ፣ ግትርነቱና አለማየቱ ግን ለመሪ እንደማይበጁ፣ መሪ ፍትሕን በምሕረት ማለዘብ እንዳለበት ይጽፋል። የዕድሜ ልክ እስረኛ በአሳሪው ወንበር ተቀምጦ ያ ወንበር ሰውን እንዴት እንደሚያበላሽ አጠና። ከዚህ የሚበልጥ የትራጀዲ ትምህርት የት ይገኛል?

ስለዚህ «አንቲጎኔ»ን በቡድን የሚያሠራ መምህር የክሬዎንን ቦታ ለሚወደው ተማሪ አይስጥ፤ አምርሮ ለሚጠላው ይስጥ። ማርኩንም ለካርቶኑ ውበት አያድርገው። ቡድኑ በየትኛው ስንኝ እንደተጣላና ጠቡን በምን እንደፈታ ይጠይቅ፤ ያልተጣላ ቡድን ተውኔቱን አላነበበውም።