ከሸዋ በር እስከ ካራማራ

የዘመናዊ ጦርነትን ታሪክ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳስተምር የምጀምረው ከጦር መሪዎች ስም ወይም ከውል ሰነዶች አይደለም። ከርቀት ነው የምጀምረው። የሚገድለውና የሚሞተው በስንት ሜትር ይራራቃሉ? ይህን ጥያቄ የመጀመሪያው ቀን ላይ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ እመላለስበታለሁ። ከጦርና ከጋሻ ተነሥቶ ሰው አልባ አውሮፕላን ላይ የደረሰውን ረጅም ታሪክ ልጆች በአንድ ክር እንዲከተሉት የሚያደርግ ሌላ ጥያቄ እስካሁን አላገኘሁም።

ይህን ለማስተማር ደግሞ ከሐረር የተሻለ ከተማ አላውቅም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳነጹት የጀጎል ግንብ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ከፍታው አራት ሜትር አካባቢ ነው። ሐረሪዎች አስማዲን በሪ የሚሉት ሸዋ በር ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ተማሪዎቼ ዕለት ዕለት ይወጡበታል፣ ይገቡበታል፤ እናቶቻቸው እዚያው በሩ ሥር ይሸምታሉ። አንድ ጊዜ የጦር መከላከያ እንደነበረ ግን ካልነገሯቸው ትዝ የሚላቸው ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ገበያው ሳይሞላ በጠዋት ይዣቸው እሄዳለሁ።

የምናደርገው ነገር ቀላል ነው። አንዱ ተማሪ ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ይቆማል። ሌላው አርባ እርምጃ ይርቃል። ይህ ጥሩ ክንድ ያለው ሰው ጦር የሚወረውርበት ርቀት ነው። ሁለቱ ይተያያሉ፤ ፊት ለፊት ያለው ልጅ መሳቁ ወይም መኮሳተሩ ይታወቃል። ከዚያ ያው ልጅ በአዲሱ ከተማ አቅጣጫ አራት መቶ ሜትር እንዲሄድ አደርጋለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ከመጡት ከኋላ ጎራሽ ጠመንጃዎች አንዱን የያዘ፣ ተኩስ የለመደ ወታደር ሰው ሊመታ የሚችልበት ርቀት ነው። ልጁ በባጃጁና በሰዉ መሃል ይጠፋል፤ በስልክ ደውለን በሩ ላይ ማን እንደቆመ እንጠይቀዋለን። አንዱ ተማሪ የመለሰልኝ መልስ ለኔ የሙሉ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነበር፦ «ቲቸር፣ ሰው መሆኑ ይታየኛል፤ ማን እንደሆነ ግን አልለየሁትም።»

ከዚያ በኋላ ያለው በእግር አይለካም፤ ካርታ ያስፈልጋል። በተራራ ላይ የሚጎተት የጥንቱ መድፍ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ይተኩሳል፤ ይህ ከግንቡ ውጭ ያለውን ኮረብታ ሁሉ የጠላት ቦታ ያደርገዋል። ቢኤም 21 የሚባለው ሮኬት ተኳሽ መኪና በ20 ሰኮንድ ውስጥ 40 ሮኬት ለቆ 20 ኪሎ ሜትር ያደርሳል፤ ወደ ባቢሌ የሚወስደውን መንገድ ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው። አውሮፕላን ሲመጣ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ወደ ግንቡ ቀና ብለው ያዩና ምን ሊያደርግ ይችላል ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን እኔ መናገር አያስፈልገኝም።

ግንቡ ከአውሮፕላን በፊትም ቢሆን ብቻውን ከተማዋን አላዳናትም። በ1868 ራውፍ ፓሻ የግብፅን ጦር እየመራ መጥቶ ሐረርን ያዘ። ግብፆች በ1877 ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ሥልጣን ያዙ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1879 ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ገጠሙ፣ ተሸነፉም። የከተማዋ ዕጣ የተወሰነው እዚያ ሜዳ ላይ ስለነበር ምኒልክ ሐረር የገቡት ግንቡን በመድፍ ማፍረስ ሳያስፈልጋቸው ነው። በዚያው ዘመን ከቀይ ባሕር ዳርቻ ሰናድሩ፣ ረሚንግተኑ፣ ውጅግራው፣ የጠመንጃ ዓይነቱ ሁሉ፣ በግመል እየተጫነ ወደ ሸዋ ይጎርፍ ነበር። ሐረር ውስጥ ነጋዴ ሆኖ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦም በ1879 ለምኒልክ ጠመንጃ አቅርቦ ሸጧል። ተማሪዎቼ ራምቦን ቱሪስት የሚጎበኘው ቤት ባለቤት አድርገው ነው የሚያውቁት፤ የጦር መሣሪያ ነጋዴነቱን ሲሰሙ ዘመኑን ሁሉ በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራሉ። ጠመንጃ ማን ሠራው፣ ማን ሸጠው፣ በየት አለፈ፣ ማን ከፈለበት የሚለው ጥያቄ ከዚያ ጀምሮ ከክፍላችን አይወጣም።

ጨለንቆን ማስተማር ከሁሉም ይከብዳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሐረሪ፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ሶማሌ፣ ጉራጌና አርጎባ ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ቤት ሀገር የማቅናት ታሪክ ሲባል ያደገ ነው፤ ሌላው ቤት የወረራ ታሪክ ሲባል ሰምቷል። ምኒልክ የሐረር ገዥ አድርገው የሾሟቸው የራስ መኮንን ሐውልት በ2012 ሲፈርስ ያዘነም ደስ ያለውም ቤተሰብ ያለው ልጅ እኔ ፊት ተቀምጧል። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ምዕራፍ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማለፍ ይመርጣሉ፤ ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን አልስማማም። መምህሩ የዘለለውን ምዕራፍ ልጁ ስልኩ ላይ ያገኘዋል፤ እዚያ ደግሞ ማስረጃ የሚጠይቀው የለም።

የኔ አካሄድ ይህ ነው። ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ሁሉም ልጅ የማይክደውን ነገር እናሰባስባለን፦ ስንት ሰው በየትኛው ወገን ተሰለፈ ተብሎ ተጻፈ፣ ማን ጻፈው፣ ምን ዓይነት መሣሪያ በማን እጅ ነበር፣ ውጊያው ስንት ሰዓት ቆየ፣ የሞቱትን ማን ቀበራቸው። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ መምጣትም አለበት። ልጆቹ ተስማምተው እንዲወጡ አልጠብቅም። የምጠብቀው አንዱ ሌላውን ሲቃወም «እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ» ከማለት አልፎ ከየት እንዳገኘው እንዲናገር ነው። ይህን ያህል ሲሆን አይቻለሁ፤ ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዐድዋ ላይ ስንደርስ ክፍሉ ይሞቃል። ሁሉም ድሉን ያውቀዋል፤ እንዴት እንደተደረሰበት ግን በቁጥር ያሰበ የለም። የራስ መኮንን ጦር ከሐረር ተነሥቶ አምባላጌ ላይ ኅዳር 28 ቀን 1888 ሲዋጋ፣ በመንገድ ቢለካ ከሺህ ኪሎ ሜትር ያላነሰ አቋርጦ ነበር። ይህን በአፍ ከመናገር ይልቅ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቼ ወደ ክፍል አስገባለሁ። እየተቀባበሉ ግቢውን አንድ ዙር ይዞሩበታል። ትከሻቸውን እያሹ ሲመለሱ ስሌቱን እንሠራለን፦ መቶ ሺህ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ቢበላ 500 ኩንታል ያስፈልገዋል፤ አንድ በቅሎ አንድ ኩንታል ብትሸከም ለአንድ ቀን ቀለብ ብቻ 500 በቅሎ። በቅሎዋስ ምን ትበላለች? ጥያቄው ብዙ ጊዜ ከገጠር ከመጡት ልጆች ይነሣል። የየካቲት 23ን ጠዋት በትክክል የምንረዳው ያኔ ነው። የምኒልክም የባራቲዬሪም ጦር ስንቁ እያለቀበት ነበር፤ ጣሊያኑ ጄኔራል ከሮም የሚመጣው ግፊት ሲጨመርበት ወደ ፊት ገፋ። ጀግንነቱ በዚህ አያንስም። እንዲያውም ምግብ ያዘጋጁት፣ እንጨት የለቀሙት፣ ውኃ የቀዱት ሴቶች በታሪኩ ውስጥ ቦታ ያገኛሉ፤ ስሌቱ ያለ እነሱ አይሞላምና።

ስለ 1928ቱ የጣሊያን ወረራ ሳስተምር ድምፄ ይለወጣል ይሉኛል ልጆቹ፤ አልደብቀውም። መጋቢት 20 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ ደበደቡ። ከተማዋ ጦር የማይመሽግባት ክፍት ከተማ መሆኗ ቀደም ብሎ ታውጆ ነበር። ያ አላዳናትም፤ ሆስፒታልና ቤተ ክርስቲያንም ተመታ። የዓለም መጻሕፍት ሲቪል ሕዝብን ከአየር የመደብደብን ታሪክ ሲያነሡ የስፔኗን ጌርኒካን ያስቀድማሉ፤ ፒካሶ ስለሣላት ዓለም ያውቃታል። ጌርኒካ የተደበደበችው በሚያዝያ 1929 ነው፤ ከሐረር አንድ ዓመት ያህል ዘግይቶ። ደሴም በኅዳር 1928 ተደብድባለች፤ በዶሎ ግንባር የስዊድን ቀይ መስቀል ሠፈር በታኅሣሥ ተመትቷል። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ ሳለ በሰሜንም በኦጋዴንም ጋዝ ተጠቅማለች። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የሚያነሡት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሕጉ ካለ ማን አስከበረው? የመንግሥታት ማኅበር ለምን ዝም አለ? የኔ ሥራ ይህ ቁጣ ወደ ንባብ እንዲዞር ማድረግ ነው፤ ስለዚህ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ያሰሙትን ንግግር ሙሉውን አንብበው እንዲመጡ አዛለሁ፤ በየአንቀጹ ዳር የትኛው አቤቱታ፣ የትኛው ምስክርነት፣ የትኛው ማስጠንቀቂያ እንደሆነ ይጽፋሉ።

ከሐረር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስንሄድ ጂጂጋ፣ ከጂጂጋ በፊት ደግሞ የካራማራ ተራራና በውስጡ የሚያልፈው የማርዳ በር አለ። አንድ የመሬት አቀማመጥ ሠራዊትን ምን እንደሚያስገድደው ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ነገር የለኝም። በመጋቢት 1933 ከእንግሊዝ ጋር የመጡት የናይጄሪያ ወታደሮች በሩን በዳሩ ካሉት ኮረብታዎች አጠቁት፤ ጣሊያኖች ሌሊቱን ለቀው ሄዱ፤ መጋቢት 17 ሐረር ተያዘች። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ ያው በር እንደገና የጦርነቱ ቁልፍ ሆነ። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር በሐምሌ 1969 ዘልቆ ገባ፤ በመስከረም 1970 ጂጂጋን ያዘ፤ በኅዳር ሐረር አፋፍ ላይ ደረሰ። በዚያው ወር ዚያድ ባሬ የሶቪየት አማካሪዎቹን አባረረ። ያን ጊዜ የሶቪየት መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ በአየርና በባሕር ይገባ ነበር፤ ከ15 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮችም መጡ። መልሶ ማጥቃቱ ሲጀመር በሩን ፊት ለፊት መግፋት ብዙ ደም እንደሚያስከፍል ስለታወቀ አንዱ ጦር በሰሜን ዞረ፤ ሄሊኮፕተሮችም ሰውና ቀላል ብረት ለበስ ተራራውን አሻግረው ከጠላት ጀርባ አወረዱ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጂጂጋ ተመለሰች። ሁለቱን ውጊያዎች በአንድ ካርታ ላይ ጎን ለጎን እናስቀምጣለን፤ ልጆቹ በሁለት ቀለም ቀስቶቹን ይሥላሉ፤ ለምን ሁለቱም ጊዜ አጥቂው በሩን በዳር በዳር እንዳየው በራሳቸው ቃል ይጽፋሉ።

ካርታው ሲያልቅ ወደ ቤት እልካቸዋለሁ። ያኔ የነበሩ አዛውንቶች ዛሬም በየቤቱ አሉ፤ በ1950 ከተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚ የወጡ መኮንኖች፣ ታጠቅ ጦር ሠፈር ሠልጥነው የዘመቱ ሚሊሺያዎች፣ ከተማው ውስጥ ሆነው የመድፍ ድምፅ ሲሰሙ ያደሩ እናቶች፤ የአንዳንዱ ልጅ ዘመድ ደግሞ በምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር በኩል የነበረ ነው። ስለዚህ ማን ልክ ነበር፣ ማን ጀመረው ብለው እንዲጠይቁ አልፈቅድም። የሚጠይቁት ምን በላችሁ፣ የት አደራችሁ፣ ውኃ ከየት መጣ፣ ማንን አጣችሁ የሚለውን ብቻ ነው። አዛውንቱ መናገር ካልፈለጉ ልጁ አመስግኖ ይወጣል፤ ውጤት አይቀነስበትም። ስም አይጻፍም። ጽሑፉ ከመቅረቡ በፊት ለተናጋሪዎቹ ይነበብላቸዋል፤ ቅር ያላቸውን ያስወጣሉ።

እነዚህ ወረቀቶች ክፍል ውስጥ ሲነበቡ ከመጽሐፉ የማላገኘውን አገኛለሁ። አንዲት ልጅ አያቷ ማታ ማታ ኩራዝ አጥፍተው ልጆቻቸውን ከአልጋ ሥር ያስተኙ እንደነበር ጻፈች። የሶማሌ ቤተሰብ ያለው ልጅ ደግሞ ዘመዶቹ በረሃ ላይ አንድ ጉድጓድ ፍለጋ ሦስት ሌሊት እንደተጓዙ ጻፈ፤ ሲያነብ ማንም አላቋረጠውም። ያ ዝምታ ፍርድ አልነበረም፤ በማግስቱ ስለ ዚያድ ባሬና ስለ ደርግ ሲከራከሩ ከበፊቱ ባልተናነሰ ጠንክረው ተከራክረዋል። የተለወጠው ሲከራከሩ ቁጥርና ቦታ መጥራታቸው ነው።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ስልኩ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በሰሜን በተካሄደው ጦርነት ጊዜ ተማሪዎቼ ከላይ የተቀረጸ፣ ሰዎች እንደ ነጥብ የሚታዩበት ምስል ይዘው ይመጡ ነበር፤ ዛሬም ከሌላው ዓለም ጦርነት የመጣው አይጠፋም። ክፍል ውስጥ እንዲከፍቱት አልፈቅድም። ስለሱ ግን እንነጋገራለን፦ ካሜራው የማን ነው፣ ምስሉ ከየት ተቆረጠ፣ ከመቆረጡ በፊትና በኋላ ምን ነበር፣ የለጠፈው ሰው ምን እንድናስብ ይፈልጋል። በሸዋ በር አራት መቶ ሜትር ርቆ ሄዶ ጓደኛውን ያልለየው ልጅ ይህን ውይይት ከማንም ቀድሞ ይገባዋል።

የምፈልገው ግን ገና ያልሠራሁት አንድ ነገር አለ። የሐረር አንድ ክፍልና የጂጂጋ አንድ ክፍል በተመሳሳይ ጥያቄ አያቶቻቸውን ጠይቀው ወረቀቱን ቢለዋወጡ እወዳለሁ። አራቱ ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ ሌላ አንጨምርም። በአማርኛም በሶማሊኛም ይጻፍ፤ የሚተረጉሙ ልጆች በሁለቱም ከተሞች ሞልተዋል። መጀመሪያ የሚላከው የውኃው ጥያቄ መልስ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ በ1970 ከካራማራ ወዲህም ወዲያም ውኃ ያልጠማው ቤት አልነበረምና፣ ሁለቱም ክፍሎች ከዚያ ጀምረው ወደ ከባዱ ጥያቄ መሄድ ይችላሉ። ሐሳቡን የሚቀበል የጂጂጋ መምህር ካለ ካርታውን፣ የስሌት ወረቀቱንና የጥያቄውን ዝርዝር አዘጋጅቼ አስቀምጫለሁ።